ያልተመለሰው የሚባል ስም

ስቶክሆልም፣ ሃግሴትራ
ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሽ ጉልላት፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? የጎሬ ዝናብ አባራ ወይስ ገና ነው? ጉልበትዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስደውል ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ የእርስዎም ጆሮ እየደከመ፣ «ሃሎ፣ ሃሎ» ብለን ስለምንዘጋው ይኸው እንደ ድሮው በደብዳቤ ይሁን ብያለሁ። የእጅ ጽሕፈቴን ሲያዩ እንዳይስቁብኝ። የአክስትዎን የልጅ ልጅ ከስምንተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ቤትዎ አስቀምጠው ያስተማሩት እርስዎ ስለሆኑ ጥፋቱ የጋራችን ነው።

ሥራዬ ያው ነው። ሄምትየንስት ይሉታል፤ በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን መርዳት። ባለፈው ሳምንት አዲስ ሰው ተጨመረልኝ። ሻርሆልመን በሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር የሰማንያ ስምንት ዓመት ፖላንዳዊት ናት። በሯ ላይ የተለጠፈውን ስም ሳነብ ቁልፉ ከእጄ ወደቀ።

ጋሼ፣ ያን ስም አውቀዋለሁ። ሣጥንዎ ውስጥ የነበረው የጥምቀት ወረቀት ትዝ ይልዎታል? ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ መጽሐፍ ስፈልግ አግኝቼው ሳነበው ከእጄ ነጠቁኝ። ከአማርኛው በታች ስምዎ በላቲን ፊደል ተጽፎ ነበር። መጨረሻዋ ኤል ናት፤ ወገቧ ላይ በሰያፍ ተጭራለች። «ይቺን ፊደል ማን ሰረዛት?» ብልዎት ሣጥኑን ቆለፉት። ሴትዮዋ በር ላይም ያችው የተጫረች ኤል አለች። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አንድ ነው።

እንዴት እንደሚነበብ ጠየቅኋት። «ኜቭሩቺው» አለችኝ። እኛ የአባት ስምዎን ነብሩ የምንለው ይህን ይሆን? ስለ አባትዎ ቀያሽ እንደነበሩ ብቻ ነው የማውቀው። አንድ ቀን እንኳ አላወሩኝም። ካስቸገርኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጤናዎን እየለመንኩ፣
ሐዋዝ


ጎሬ
ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሐዋዝ፣

የሰማይ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጽሕፈትሽ እንደ ቀድሞው ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ሌላ ነውር የለበትም። እኔ ደህና ነኝ። ቡናው ዘንድሮ በሽታ መታው እንጂ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

የጠየቅሽኝ ነገር ብዙ የሚወራ የለውም። አባቴ ፈረንጅ ነበር፤ ለመንገድ ሥራ ቀያሽ ሆኖ መጣ፣ እኔን ወለደ፣ እኔ አምስት ዓመቴ ሳለ ወደ አገሩ ሄደ። አልተመለሰም። ይኸው ነው። እኔ ጉልላት ነብሩ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ያየሽው የፈረንጅ አጻጻፍ ነው፤ ፊደል ደግሞ በየቦታው ይመሳሰላል። ሴትዮዋን በዚህ አታድክሚያት፤ ያረጀ ሰው ነገር አይበዛበትም።

ከቻልሽ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ። የበፊቱ አንድ መስተዋቱ ተሰነጠቀ።

ጉልላት

የሴትዮዋን የራሷን ስም አልጻፍሽልኝም። እንዲያው ለማወቅ ነው።


ስቶክሆልም፣ ሃግሴትራ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ምትክ ለጋሽ ጉልላት፣

እንኳን ለልደቱ በዓል በደህና አደረስዎ። መነጽሩን ለበዓል በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ።

ስሟ ሃሊና ነው። እዚህ አገር አንቱታ የለም፤ ሃሊና በይኝ ብላኛለች። በሥራችን ስለ ሰው ቤት ማውራት ክልክል ቢሆንም እሷ ራሷ «ለዘመድሽ ጻፊለት» አለችኝ።

የስሙን አመጣጥ ነገረችኝ። በአባቶቿ መንደር አንድ ገበሬ ለጦር ተወስዶ ቀረ። ጎረቤቱ ልጆቹን «የዚያ ያልተመለሰው ልጆች» ይላቸው ጀመር። በኋላ ስም የሚመዘግብ ጸሐፊ ሲመጣ ያንኑ ጻፈላቸው። ኜቭሩቺው ማለት «አልተመለሰም» ማለት ነው፤ «ኜ» የኛ «አል» መሆኗ ነው። ከዚያ ወዲህ በየትውልዱ አንድ ወንድ ከቤት ወጥቶ ይቀራል ትላለች። ስትናገረው እንደ ተረት አይደለም። የማንን ጉልበት ሪህ እንደያዘው እንደምታወራ አድርጋ ነው።

አንድ ጊዜ በዚህ ስም ሦስት ቤት የሞሉ ሰዎች ነበሩ አሉ። ፖላንድ ለመዝገብ ቤት ጽፋ ነበር፤ በሕይወት ያለ አንድም ሰው በዚህ ስም የለም ብለው መለሱላት። በስዊድን መዝገብ ያለችው እሷ ብቻ ናት። «እኔ ስሞት ያልቃል» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ «ወንድሜ ከሌለ ነው እንግዲህ» አለች።

ጋሼ፣ ስምዎን አልነገርኳትም። እሷ ናት የነገረችኝ። «ጉልላት» አለች። አባቷ ቪቶልድ ከኢትዮጵያ መጥተው እዚህ ከእሷና ከእናቷ ጋር ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጡ። በፈረንጆች 1959 ዓ.ም. ተነሡና «ወንድምሽን ይዤ እመለሳለሁ» ብለዋት ሄዱ። ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። እስካሁን ትጠብቃለች።

እርስዎ ወደ አገሩ ሄዶ አልተመለሰም ብለውኛል። እሷ ወደ ጎሬ ሄዶ አልተመለሰም ትላለች። ታዲያ ሰውየው የት ናቸው?

ሌላም ነገር አለ፤ ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ነው። ከታች ከሕንፃው መግቢያ ሰው ሲደውል የሚያናግሩበት ፖርትቴሌፎን አለ። ሃሊና «እሱ ሲጠራ እኔ ቃሉን አልሰማውም፣ አንቺ ስሚልኝ» እያለች ስታስቸግረኝ እርጅና ነው ብዬ ነበር። ማክሰኞ ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ደወለ። በዚህ ወቅት በዚያ ሰዓት ጨልሟል። በመስኮት ደረቅ በረዶ ይወርዳል፤ ድምፅ የለውም። አንስቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ዝናብ ሰማሁ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ፣ የሚደበድብ ዝናብ። ከዝናቡ ውስጥ አንድ ወንድ፣ ምላሱ ከበድ ባለ አማርኛ፣ «ቤቶች!» አለ።

ወርጄ አየሁ። በረዶው ላይ የሰው ዱካ የለም።

ሐዋዝ


ጎሬ
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሐዋዝ፣

እመቤቴ ትጠብቅሽ። ደብዳቤሽ በጥር ነው የደረሰኝ። ሳልመልስ የቆየሁት ታምሜ አይደለም። ስጀምር እየተውኩት ነው።

ከዚያ ቤት ውጪ። ሌላ ሰው ይተካሽ ዘንድ አለቆችሽን ጠይቂ። ምክንያቱን አትጠይቂኝ፤ ሳሳድግሽ ያለ ምክንያት የከለከልኩሽ ነገር እንደሌለ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። «ቤቶች» ያለው አንድ ጊዜ ነው ሁለት ጊዜ? ሁለት ጊዜ ከሆነ በመካከሉ አስሏል?

መነጽሩ ደርሷል። ልክ ነው።

ጉልላት


ስቶክሆልም፣ ሃግሴትራ
መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ግን ዛሬ አላስረዝምም።

ሁለት ጊዜ ነው። በመካከሉ ያስላል። ረጅም ሳል፣ ደረቱ ውስጥ ውሃ ያለ የሚመስል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ በደብዳቤም አልጻፍኩልዎትም። እርስዎ እንዴት አወቁ?

ቤቱን ትቼ መውጣት አልቻልኩም። ይቅር ይበሉኝ፤ ያለ ፈቃድዎ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ደውሏል፤ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ሁልጊዜ ከነዝናቡ። ቃሉን ለሃሊና ነገርኳት። «ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «አገራችን ሰው ቤት የሚመጣ ከደጅ ቆሞ የሚጠራበት ነው። ውስጥ ያለው ካልመለሰለት አይገባም» አልኳት። ከዚያ «ታዲያ ያልመለሰለት ማነው?» አለችኝ።

የአረጋውያን ማደሪያ ቦታ ተገኝቶላታል፤ ጉልበቷ ከድቷታል፣ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። እምቢ አለች። «ሲመጣ ስሙን በር ላይ ካላገኘው የት ብሎ ይፈልገኛል?» ትላለች። በዚህ ከቀጠለች አንድ ቀን ወድቃ የማገኛት እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ የሚያውቁት ነገር አለ። ለእኔ ባይሆን ለእሷ ይንገሩኝ።

ሐዋዝ


ጎሬ
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሐዋዝ፣

በረከቱ አይለይሽ። ይህን ደብዳቤ ስታነቢ ብቻሽን ሁኚ።

አባቴ ተመልሷል።

ሐምሌ 1951 ነው፤ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ለእናቴ ለተጂቱ ደብዳቤ ጽፎላት ነበር። ልጄን ልወስደው ነው፣ ከእህቱ ጋር ላሳድገው ነው፣ አስተምረዋለሁ ይላል። ያነበበላት ደብተራ ሲወጣ እናቴ ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ከእኔ በቀር ምንም አልነበራትም። ወንድሟም «እንዳታዪው፣ እንዳትከፍቺለት» አላት።

ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅረዋል። «ቤቶች!» የሚል ተሰማ። ወዲያው አወቅሁት። «አባ» ብዬ ሳልጨርስ እናቴ አፌን በመዳፏ ከደነችው። ከውጭ ሲስል ሰማሁት። ረጅም ሳል ነው። እንደገና «ቤቶች!» አለ።

ይህን ቃል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሕፃን ሳለሁ ዝም ብሎ ሲገባ «አባዬ፣ መጀመሪያ ቤቶች በል፤ እኔ አቤት ስል ትገባለህ» እለው ነበር። ደጋግመን እንጫወተው ነበር። ደጁ ላይ የቆመው አቤት እስክለው ነው።

በበሩ ስንጥቅ ጫማውን አየሁት። ረጅም አፍ ያለው፣ ክሩ እስከ ላይ የታሰረ። ብዙ ቆመ። ከዚያ ሄደ። እናቴ እጇን ከአፌ ስታነሣ መጮህ እችል ነበር፤ ሩቅ አልሄደም። አልጮኽኩም።

ጠዋት አጎቴ ከሸለቆው አፋፍ በታች አገኘው። መኪናው መቱ ላይ ተበላሽቶበት በእግሩ ነበር የመጣው፤ ወባም ይዞታል። ቤቱ ባዶ መስሎት ወደ ከተማ ሊወጣ ሲል ነው የወደቀው። ፈረንጅ በደጃችን ሞተ ብንል መንግሥት ይይዘናል ብለው ፈሩ። ከጓሮ፣ ከቡናው ሥር ቀበሩት። አጎቴ ጫማውን ሊያወልቅለት ሲል እናቴ «ተወው፣ መንገደኛ ነው» አለች። ከነጫማው ነው የተቀበረው።

እሷ እስክትሞት «አልተመለሰም» ስትል ኖረች። እኔም ስልሳ ስድስት ዓመት እንደዚያው ብያለሁ። የስሙ ፍች ይኸው ራሱ መሆኑን ያወቅሁት ካንቺ ደብዳቤ ነው። ያን ዕለት መብራቱን ሳላጠፋ አደርኩ።

ሚስት ያላገባሁት፣ ልጅ ያልወለድኩት ለምን እንደሆነ ስትጠይቂኝ እስቅ ነበር። ለልጅ የማወርሰው ስም አልነበረኝም።

ለእህቴ ንገሪያት። አንዱንም አታስቀሪ። እንደገና ከጠራ ደግሞ በኔ ፈንታ «አቤት» በይው።

ጉልላት


ስቶክሆልም፣ ሃግሴትራ
ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፣ ሁልጊዜም ለጋሼ፣

ከሁሉ በፊት፣ ያው የልጅነቴ ጋሼ ነዎት። ከዚህ ደብዳቤ በፊትም በኋላም።

ለሃሊና ነገርኳት። አማርኛውን ወደ ስዊድንኛ እየመለስኩ ደብዳቤውን እንዳለ አነበብኩላት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ስንት ዓመቱ ነበር?» አለች።

«ሰባት።»

«የሰባት ዓመት ልጅ በር አይከፍትም። የሚከፍቱለት ናቸው የሚከፍቱት» አለችና ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። ትከሻዋን ልይዝ ስል እጇን አነሣች፣ ተይኝ ማለቷ ነው። ቆይታ «እናቱን አልረግማትም፤ ይህን ጻፊለት» አለችኝ።

ሰኔ 12 ቀን ነው። እዚህ የበጋ በዓላቸው በማግሥቱ ስለሆነ ከተማው ሁሉ አበባ ይዞ ይሄዳል፤ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል። እግሯን እያሻሸሁላት ሳለ ፖርትቴሌፎኑ ጮኸ። ተያየን። ሄጄ አነሣሁት። ያው ዝናብ ነው። «ቤቶች!» አለ። ረጅም ሳል ሳለ። «ቤቶች!»

«አቤት!» አልኩ። የራሴ ድምፅ አልመሰለኝም። «አቤት፣ ይግቡ!» ብዬ የመክፈቻውን ቁልፍ ተጫንኩት።

ዝናቡ ቀጥ አለ። የታችኛው በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ከባድ በር ስለሆነ ይሰማል። ሊፍቱ ተነሣ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሃሊና በምርኩዟ ተነሥታ እየተንገዳገደች ወደ በሩ ሄደች። ልደግፋት ብል አልፈለገችም። ራሷ ከፈተችው። የሊፍቱ በር ተከፈተ፤ ውስጡ ሰው የለም። ተመልሶ ተዘጋ።

ወለሉን ያየችው እሷ ናት። ከሊፍቱ ጀምሮ እስከ እኛ በር እርጥብ የእግር ዱካ አለ። ትልልቅ፣ የወንድ፣ ባዶ እግር፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ይለያሉ። ደፉን አልፎ በመካከላችን ገብቷል። በመስኮቱ አጠገብ እስካለው ወንበር ድረስ ይሄዳል። የሚመለስ ዱካ የለም።

መፍራት የሚገባኝን ያህል አልፈራሁም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ክፍሉ የእርጥብ አፈር ሽታ ሸተተ። ላብሰው ጨርቅ ሳመጣ ሃሊና «ተዪው፣ በራሱ ይድረቅ» አለች። ከወንበሩ ፊት ለፊት ተቀመጠችና «ቭሩቺው» አለች። ስሟን ያሳጠረች መስሎኝ «ኜዋስ?» ብላት ራሷን ነቀነቀች። «ያለ ኜ ነው ያልኩት። ተመለሰ።»

እስከ ዛሬ አልደወለም። ወደ አረጋውያን ማደሪያው እሄዳለሁ ብላ ወረቀቱን ፈርማለች። አንድ ነገር ትለምንዎታለች፤ ከቡናው ሥር አውጥተው እንደ ሰው በስሙ ያስቀብሩልኝ ትላለች።

ሐዋዝ


ጎሬ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሐዋዝ፣ እህቴ ሃሊናም፤ ይህን ደብዳቤ ለሁለታችሁም አንብቢው፣

ሰላሙን ያብዛላችሁ። ያዘዝሽኝን ሳታዝዢኝ አድርጌዋለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሐምሌ መባቻ ነው። እኔ ያስቆፈርኩት ሰኔ 13 ቀን ነው። ለአንቺ ከጻፍኩ በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ ስላቃተኝ ለቄሱና ለቀበሌው ሊቀ መንበር ተናግሬ፣ ሁለቱ ቆመው፣ ሁለት ጎረቤቶች ቆፈሩልኝ። ቦታውን አልሳትኩትም። ስልሳ ስድስት ዓመት ረግጬው አላውቅም።

በክንድ ተኩል ላይ ጫማው ወጣ። ሁለቱም ጎን ለጎን፣ ጫፋቸው ወደ አንድ አቅጣጫ። ክሩ ተፈትቷል። ከጫማው በቀር ምንም የለም። አንድ አጥንት እንኳ አልተገኘም። ቄሱ «የቡና አፈር አጥንት ይበላል፣ አይግረምህ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ቆዳውን የተወ አፈር አጥንቱን እንዴት በላ ብዬ አልተከራከርኳቸውም።

ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ፤ ባዶ እግር ነበር ብለሽ ጽፈሻል። ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ። ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ኪስ ከተትኩትና ውጭ ወጥቼ ዝናብ ላይ ቆምኩ። ጎረቤቶቼ አብዷል ሳይሉ አልቀሩም።

ጫማውን በሣጥን አድርገን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ አኖርነው። ቄሱ የሌላ ሃይማኖት ነው ብለው ትንሽ አመነቱ፤ በኋላ ግን ራሳቸው መጥተው ጸለዩ። ስም ሲጠይቁኝ ሙሉውን ነገርኳቸው፤ ምላሳቸው አልታጠፈላቸውም፣ እኔም ጮክ ብዬ ሳልደብቅ ስጠራው የመጀመሪያዬ ስለሆነ ተንተባተብኩ።

በሳምንቱ መቱ ወርጄ ለዲጂታል መታወቂያ ተመዘገብኩ። መዝጋቢዋ ወጣት ልጅ ናት።

«የአባት ስም?»

«ቪቶልድ።»

«የአያት?»

«ኜቭሩቺው።»

ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። የቀድሞ መታወቂያዬ ነብሩ ይላል፤ የጥምቀት ወረቀቱን አወጣሁላት። ስታየው ቆየችና «ጋሼ፣ ትርጉም አለው?» አለች።

«አልተመለሰም ማለት ነው።»

«ማን?»

«አባቴ።»

«እውነት አልተመለሱም?»

«ተመልሶ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልከፈትኩለት» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነበር። «ጣትዎን እዚህ መስተዋት ላይ ያሳርፉ» አለች። አሳረፍኩ።

ጉልላት